የእናቴ ግራ ክንድ ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ አብጦ አልጎድል አለ፤ ፋሻ አስጠቅልዬ ሳላባብሰው አልቀረሁም

ዓለት ቆጣሪ (ሂዩስተን)፦

እንደምን ናችሁ? ነገሩ ይረዝማልና ታገሡኝ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አዲስ አበባ ላይ የግራ ጡቷ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ይቀረዋል። በብብቷ ያለው ንፍፊትም አብሮ ተጠርጎ ወጥቷል። የላቦራቶሪው ወረቀት ከ17 ንፍፊት 4ቱ ላይ ካንሰር ተገኝቷል ይላል። ከዚያ ኬሞ ወሰደች፣ ለጨረር ደግሞ ወረፋ ጠብቃ ገባች። ሁሉንም ጨረሰች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ካንሰሩ እስካሁን አልተመለሰም።

ጨረሩ ባለቀ በአምስተኛው ወር ግን ቀለበቷ አልወጣ አለ። እሷ አልነገረችኝም። እኔ ያወቅሁት በቪዲዮ ስናወራ የቀሚሷ ግራ እጅጌ በመቀስ ተሰንጥቆ አይቼ ነው። «ይኼ ምንድን ነው እማዬ?» ስላት፣ «እጄ ወፈረ፤ አንተ በሩቅ ሆነህ ምን ልታደርግ» ብላ ወሬውን ወደ ጎረቤት ሠርግ አዞረችው። እህቴን ደውዬ ሳስጨንቃት እውነቱ ወጣ። ከክርኗ በታች ያለው ሲጫኑት ይሰረጉዳል። እንዝርት ስታሾር እጇ ቶሎ ይዝላል። ማታ ማታ «ድንጋይ የታሰረበት ይመስለኛል» ትላለች።

አንድ ሐኪም የሽንት መድኃኒት፣ ላዚክስ፣ አዘዘላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊቱን ስትመላለስ ታድራለች፤ እግሯ ዛለ፣ ከንፈሯ ደረቀ፣ ክንዷ ግን ያው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእኔ ጥፋት ነው። የምሠራው ከነዳጅ ጉድጓድ የወጣ ዓለት በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የሻይ ብርጭቆ የምታህል ድብልብል ዓለት ብረት ማቀፊያ ውስጥ አስገብቼ፣ ጨዋማ ውሃና ድፍድፍ ነዳጅ በፓምፕ አሳልፍባታለሁ። አላሳልፍ ካለች ግፊት እጨምራለሁ። አእምሮዬ የለመደው ይህን ስለሆነ ለእህቴ «ከፋርማሲ የሚለጠጥ ፋሻ ገዝተሽ ከአንጓዋ እስከ ብብቷ አጥብቀሽ ጠቅልይላት፤ ሌሊትም አትፍቺው» አልኳት። ጠዋት ሲነሡ መዳፏና ጣቶቿ እንደ ሊጥ ኩፍ ብለው አገኟቸው። ሁለት ቀን ማንኪያ መያዝ አቃታት። «ልጄ ያዘዘው ነው» ብላ ለማንም አልተናገረችም፤ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ መድኃኒቱ ለምን አልሠራም? የፋሻው ስሕተት ምኑ ላይ ነው? እዚህ አገር የሚሸጠውን የመጭመቂያ እጅጌ ገዝቼ ልላክላት? በጥር ወደ እኛ ልናመጣት ትኬት ቆርጠናል፤ ከ15 ሰዓት በላይ አየር ላይ መቀመጡስ? ዘመዶች ደግሞ ወጌሻ ይሻት እያሉ ነው።

ጋሽ ተካ (ጎንደር)፦

ዳማ ከሴ ቅጠል ጨምቃችሁ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉትና ክንዷን በደንብ አሹላት። ለባለቤቴ ጉልበት ፍቱን ሆኗል። ጸበሉንም አትርሱ።

ፊዚዮ ነኝ (አዲስ አበባ)፦

ጋሽ ተካ፣ ጸበሉን ማንም አይከለክላትም። የሞቀ ውሃውና በኃይል ማሸቱ ግን ይቅርባት፤ ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋና ወደዚያ ክንድ የሚወርደውን ፈሳሽ ይጨምራል። መውጫው ለጠበበበት ክንድ ተጨማሪ ሸክም ነው። ወጌሻውም እንደዚሁ፤ ለወለምታ የተካነ እጅ ለዚህ አይሆንም።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አንተን ልጠይቅ። ክንዷ ካበጠ ወዲህ የካንሰር ሐኪሟ በእጁ ዳስሶ አይቷታል? ቀስ እያለ የመጣ፣ የሚከብድ እንጂ ብዙም የማያም እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሊምፌዲማ ነው። ነገር ግን በአንድ ሌሊት ያበጠ፣ የሚያም ወይም ቀለሙ የተለወጠ ከሆነ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ብብቷ ወይም አንገቷ ሥር አዲስ እብጠት ከተዳሰሰ ደግሞ ካንሰሩ ተመልሶ መንገድ ዘግቶ እንዳይሆን መታየት አለበት። አንድ አልትራሳውንድ ይህን ይለያል። እሱ ሳይደረግ ምንም ፋሻ አይጠቀለል።

ሊምፌዲማ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ከደም ሥር ሾልኮ ሥጋችንን የሚያጠጣው ፈሳሽ በሊምፍ ቧንቧ ተሰብስቦ፣ በንፍፊት ውስጥ ተጣርቶ ወደ ደም ይመለሳል። የክንድ መንገድ በብብት በኩል ነው። ቀዶ ሐኪሙ እዚያ ያለውን ንፍፊት ሲጠርግ መንገዱ ይቆረጣል፤ ጨረሩ ደግሞ የተረፈውን በጠባሳ ያጠብባል። አንዳንዷ ሴት ሌላ መጋቢ መንገድ አብጅታ ምንም ሳይሆን ትኖራለች፤ ሌላዋ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ያብጥባታል። በ2013 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ የብብቱ ንፍፊት ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው 100 ሴቶች 20 ያህሉ ክንዳቸው አብጧል። ስለዚህ እናትህ ያጠፋችው ነገር የለም። «እጄን ሥራ ስላበዛሁበት ነው» ብላ ራሷን እንዳትወቅስ ንገራት፤ ብዙ እናቶች እንደዚያ ይላሉ።

ላዚክስ የሚያስወጣው ውሃን ነው። ክንዷ ውስጥ የተጠራቀመው ግን ፕሮቲን ያዘለ ፈሳሽ ነው። ውሃው በኩላሊት ሲወጣ ፕሮቲኑ እዚያው ይቀራል፤ የቀረው ፕሮቲን መልሶ ውሃ ይስባል። ለልብ ወይም ለኩላሊት ችግር ካልሆነ በቀር ለዚህ እብጠት አይሰጥም። ካዘዘላት ሐኪም ጋር ተነጋግራ ታቁመው። ሳይታከም የቆየ እብጠት እያደር ስብና ጠባሳ ያበቅልና ሲጫኑት መሰርጎዱን ይተዋል። የእናትህ አሁንም ይሰረጉዳል ካልክ ገና ሊጎድል የሚችል ነው።

ፋሻው ላይ ያጠፋችሁት ሦስት ነገር ነው፤ አንድም አልቀራችሁ! ከአንጓ ጀመራችሁ፤ መጀመር ያለበት ከጣቶች ነው፤ አለዚያ ፈሳሹ የሚሄድበት ሲያጣ ወደ መዳፍ ይወርዳል። ላይኛውን ክንድ እንደ ታችኛው አጠበቃችሁት፤ ጥብቀቱ መዳፍ ላይ በርትቶ ወደ ብብት ሲወጣ እየላላ መሄድ አለበት። ሦስተኛው የፋሻው ዓይነት ነው። ለወለምታ የሚሸጠው እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ፋሻ ሰው ተኝቶም አይለቅም፣ ሁልጊዜ ያንቃል። ለሊምፌዲማ የሚሆነው ብዙ የማይለጠጠው ነው። ሥሩ ስፖንጅ ወይም ጥጥ ይነጠፍበታል። ክንዱ ሲያርፍ ይለዝባል፣ ጡንቻ ሲሠራ ግን እንደ ግድግዳ ሆኖ ይመክትና ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ነው ፋሻ ታስሮ እጅ ማንቀሳቀስ የሚታዘዘው።

እጅጌውን ገና አትግዛ። መጀመሪያ ክንዱ በፋሻና በለዘብተኛ የእጅ ሕክምና ይጎድላል፤ ይህ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እጅጌው የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው፤ የጎደለውን እንዳይመለስ መያዝ ነው ሥራው። ባበጠ ክንድ ልክ የተገዛ እጅጌ በወሩ ይሰፋታል።

የእጅ ሕክምናውን ኤሚል ቮደርና ሚስቱ ኤስትሪድ የሚባሉ የዴንማርክ ሰዎች ናቸው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት። ማሳጅ አትበሉት። የሊምፍ ጫፎቹ ከቆዳ ሥር ወዲያው ስለሆኑ ቆዳውን በስሱ ሳብ አድርጎ መልቀቅ ብቻ ይበቃል፤ በኃይል ከተጫኑት ይደፈናሉ። መጀመሪያ አንገትና ጤነኛው ብብት ይሠራል፤ ያበጠው ክንድ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ፊት ያለው መንገድ ሳይከፈት ከኋላ መግፋት ምን ይጠቅማል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

የኔ ወንድም፣ እናትህን አይዞሽ በልልኝ። እኔ ከዚህ ክንድ ጋር 9 ዓመቴ ነው፤ ቀኙ ነው የእኔ። ፊዚዮው ሕክምናውን በደንብ ተናግሯልና እኔ የቤቱን ልንገርህ።

የልብስ ሰፊ ሜትር ይገዛላት። እህትህ ሁለቱንም ክንድ ትለካለች፦ መዳፍ፣ አንጓ፣ ከአንጓ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ክርን፣ ከክርን በላይ 10። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ በደብተር ይጻፍ። ዓይን ያታልላል። እኔ «ዛሬ ጎደለልኝ» ያልኩበት ቀን ሜትሩ ምንም አላለም፤ ደግሞ «ዛሬስ አለቀልኝ» ብዬ ያለቀስኩበት ቀን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

ቆዳዋን እንደ ዓይን ብሌን ትጠብቅ። የዛሬ አምስት ዓመት ከምድጃ ድፎ ዳቦ ሳወጣ ክንዴን ብረቱ ነካኝ። ጥፍር የምታህል ቃጠሎ ናት፣ ምንም አላልኳት። በሁለተኛው ቀን ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ልጄ መብራት አብርታ ስታየው ክንዴ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ያቃጥላል። ድንገተኛ ክፍል ወሰደችኝ፤ ሴሉላይትስ፣ ማለትም የቆዳ ኢንፌክሽን፣ ነው ብለው አንቲባዮቲክ በደም ሥር እየሰጡ ሦስት ቀን አስተኙኝ። ከዚያ ወዲህ ክንዴ ወደ ድሮው ልኩ አልተመለሰም። ስለዚህ ትኩሳት፣ መቅላት፣ መጋል ከመጣ ነገ የለም፣ በዚያኑ ቀን ነው ሐኪም ቤት የሚኬደው። እንጀራ ስትጋግር እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት ታድርግ፤ እሳቱና እንፋሎቱ አይመታት፤ ቢቻል ምጣዱን ሌላ ሰው ይያዝላት። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ጽጌረዳ ስትገርዝ፣ ጥፍሯን ስትቆርጥ ተጠንቀቂ በሏት። ማታ ታጥባ ጣቶቿ መካከል ሳይቀር አድርቃ ቫዝሊን ትቀባ። ውድ ክሬም አያስፈልግም።

«ያን እጅሽን አታንቀሳቅሺ» የሚሏትን አትስማ። እኔም ድሮ የአምስት ኪሎ ጤፍ አልነካም ነበር። በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳዩኝ። ሊምፌዲማ ያለባቸው 141 ሴቶች ተካፍለውበታል፤ በባለሙያ እየታዩ ቀስ በቀስ ክብደት ያነሡት ክንዳቸው አልባሰም፤ እንዲያውም ሕመማቸው ቀለል ብሏል። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን አነሣለሁ፤ የጀመርኩት በግማሽ ኪሎ ነው። እንዝርት ማሾር ለእሷ እንደ ሕክምና ይቆጠርላት፤ ሲደክማት ግን ትረፍ።

አውሮፕላኑን ብዙ አትፍራው። እኔ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሼ ተመልሻለሁ። ልክ የሆነ እጅጌ ካላት ትልበስ፤ ልክ ካልሆነ ባትለብስ ይሻላል። ጣቶቿን እየጨበጠች ትዘርጋ፣ ተነሥታ ትራመድ፣ ውሃ ትጠጣ። ሻንጣ በዚያ እጅ አትጎትት። ያንን አንተ ተቀብለህ ያዝላት፣ ለሌላ ምን ወለደችህ!

ሰሚራ (ዱባይ)፦

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ውስጥ ልግባና። እህቴ ደሴ ናት፤ የጡት ካንሰር ተብላ ቀጠሮ ተይዞላታል። እዚህ ያነበብኩት ሁሉ አስፈራኝ። ንፍፊቱን ሁሉ ሳያወጡ ማለፍ አይቻልም? መጠየቅ ያለብን ነገር ካለ ንገሩን በአላህ።

ዓለት ቆጣሪ (ሂዩስተን)፦

ዶክተር፣ እትዬ፣ ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላዚክሱ ቆሟል። የአልትራሳውንድ ቀጠሮ ለሐሙስ ተይዟል። እህቴ ሜትሩን ገዝታ ዛሬ ጠዋት ለክታለች፦ ግራ አንጓ 18፣ ቀኙ 15.5፤ ከአንጓ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ግራው 27፣ ቀኙ 22.5።

ሰሚራ፣ የሕክምናውን ባለሙያው ይመልስልሽ። ሰሞኑን ስለ ጉዳዩ ሳነብ ግን ከሥራዬ ጋር የሚገጥም ነገር አግኝቼ ደንግጫለሁና እሱን ልናገር።

አንድ የነዳጅ ጉድጓድ በራሱ ግፊት የሚችለውን ከሰጠ በኋላ ውሃ ይረጭበታል። ያም ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው ነዳጅ በዓለቱ ቀዳዳዎች ተጣብቆ እዚያው ይቀራል። እኛ የምንሞክረው ውሃው ውስጥ የሲሊካ ናኖ ቅንጣት በትኖ ማሳለፍ ነው። ከ100 ናኖ ሜትር ያነሱ፣ የአሸዋ ወንድሞች በላቸው። እንዲገባችሁ፣ የጸጉር ውፍረት ብዙ አሥር ሺህ ናኖ ሜትር ነው። ቅንጣቶቹ በነዳጁና በዓለቱ መካከል ሰርገው የዓለቱን ገጽ ውሃ ወዳድ ያደርጉታል፤ ያኔ ነዳጁ ይላቀቃል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው! በቤተ ሙከራ ግን ጨው ሲበዛና ሙቀት ሲጨምር ቅንጣቶቹ ይጓጉላሉ። የጓጎለው ጠባቡ በር ላይ ሲደርስ ይደፍነዋል። ባለፈው ሰኞ አንዷን ከኦሃዮ የመጣች የቤሪያ አሸዋ ዓለት እንዲህ አበላሸኋት። የግፊት መለኪያው ሲወጣ አይቼ ፓምፑን ጨመርኩ፣ ይበልጥ ደፈንኩት። የእማዬን ፋሻ ያሰብኩት ያኔ ነው፤ ፓምፑን አጥፍቼ ወጣሁ።

አሁን ወደ ሰሚራ ጥያቄ። ቀዶ ሐኪሞቹ የመጀመሪያዋን ንፍፊት፣ ማለትም ከጡቱ የሚመጣው ፈሳሽ ቀድሞ የሚደርስባትን፣ ለመለየት ጡቱ ውስጥ የሚወጉት ነገር አንዱ ጨረር አመንጪ ቴክኒሺየም የተሸከመ ቅንጣት ነው። መጠኑም ወሳኝ ነው አሉ። በጣም ካነሰ በደም ሥር ግድግዳ ሾልኮ ይጠፋል፤ በጣም ከተለቀ የተወጋበት ቦታ ተኝቶ ይቀራል፤ በአሥሮችና በመቶ ናኖ ሜትር መካከል ያለው ነው በሊምፍ ተሳፍሮ የሚሄደው። እኔ አሥራ ምናምን ዓመት ለዓለት ብዬ የምቆጥረውን ቁጥር ሐኪም ለብብት ይቆጥረዋል።

ፊዚዮ ነኝ (አዲስ አበባ)፦

በመጀመሪያ ዶክተር አይደለሁም፣ ማዕረጉን ተቀብዬ ዝም ብል ነውር ነው።

ሰሚራ እህቴ፣ ዓለት ቆጣሪ ያለው ልክ ነው። ያቺን የመጀመሪያዋን፣ ዘበኛ የምንላትን፣ ንፍፊት ብቻ አውጥቶ መመርመር ይቻላል። ቴክኒሺየም በሌለበት ሰማያዊ ቀለም ወግተው በዓይን ይፈልጓታል። እሷ ንጹሕ ከሆነች ሌሎቹ አይነኩም። በዚያው በ2013ቱ ሥራ ዘበኛዋ ብቻ ከወጣላቸው 100 ሴቶች ክንዳቸው ያበጠው 6 ያህሉ ናቸው። ግን ይህ የሚሆነው ከቀዶው በፊት ብብቷ ሲዳሰስና በአልትራሳውንድ ሲታይ ንጹሕ ከመሰለ ነው። አገራችን ብዙ ሴት የምትመጣው ካንሰሩ ብብቷ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ ሐኪሙ ሁሉንም ሊያወጣ ይገደዳል፤ ያ ሕይወት ለማትረፍ ነው፣ በክፉ አትዩት። እህትሽ ቀዶ ሐኪሟን «ብብቴ ላይ የሚታይ ነገር አለ? ዘበኛዋን ብቻ መመርመር ለእኔ ይሆናል? እዚህ ይሠራል?» ብላ ትጠይቅ። ከቀዶው በፊትም ሁለቱንም ክንድ ይለኩላት። መነሻ ልክ የሌላት ሴት ስታብጥ ዘግይታ ነው የምታውቀው።

ስለ ደም ግፊትና ደም መቅዳት ያልተጠየቀውን ልጨምር። በሌላው ክንድ ይደረግ ማለት ልማድ ነው፤ ካልከበደ ጠብቁት። ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ተከታትለው ያዩ ሐኪሞች ከመርፌ፣ ከግፊት መለኪያም ሆነ ከአውሮፕላን ጉዞ ጋር የክንድ መጨመር ተያይዞ አላገኙትም። የተያያዘው ከመነሻው የከበደ ሰውነት፣ የብብት ንፍፊት መጠረግ፣ የንፍፊት ጨረርና የቆዳ ኢንፌክሽን ናቸው። የእትዬ ዳቦ ከአውሮፕላኑ በላይ ያስፈራል ማለት ነው።

አሁን ዓለት ቆጣሪ፣ ስለ ቅንጣት ካወራህ አይቀር ከራስህ አገር ልንገርህ። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ዝሆኔ ያለበትን ሰው ሳታይ አላደግክም። በደጋው አገር የምናየው አብዛኛው ከትንኝ የሚመጣው አይደለም፤ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልኩን የሄደ ገበሬ ቆዳ ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት ይገባል። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ ሲመረምር የበሽተኞቹ የእግር ንፍፊት ውስጥ ሲሊካ ያዘለ ቅንጣት አግኝቷል። ሰውነት በቅንጣቱ ይቆጣል፣ የሊምፉ ቧንቧ በጠባሳ ይዘጋል። ሁሉም ሰው ግን አይታመምም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለበት። የአንተ ሲሊካ የሚጓጉለው ዓለት ውስጥ ነው፤ እዚያ እግር ውስጥ።

ይህን ያመጣሁት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ላይ ይኸው በሽታ ያለባቸው 696 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እግር በሳሙና ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ በፋሻ ታስሮ፣ እንቅስቃሴ ተደርጎ፣ ካልሲና ጫማ ተለብሶ ለአንድ ዓመት ሲታይ እግራቸው ላይ እየተመላለሰ የሚነሣው ትኩሳት ያለው ድንገተኛ ሕመም ቀንሷል። መንገዱ በመቀስ ተቆረጠ በአፈር ተዘጋ፣ አያያዙ ያው ነው። እናትህ አዲስ አበባ ድረስ በየሳምንቱ መመላለስ ካልቻለች በዚያው በሠፈሯ ጤና ጣቢያ ለዝሆኔ እግር ማሰር የሠለጠነ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ክንድ አስሮ ባያውቅም የፋሻውን ምሥጢር ያውቃል፤ እኔ በቪዲዮ ከጣት ጀምሮ አሳየዋለሁ።

ቀዶ ሕክምናም አለ፤ የሊምፍ ቧንቧን ከደም ሥር ጋር በማይክሮስኮፕ መስፋት፣ ንፍፊት ከሌላ ቦታ አምጥቶ መትከል። ስብ ለሆነው ደግሞ ስዊድን ማልሞ ላይ ሃካን ብሮርሶን የጀመረው ስቡን መምጠጥ ነው፤ ከዚያም በኋላ ግን እጅጌው ዕድሜ ልክ ይለበሳል። ለእናትህ ጊዜው አይደለም። መጀመሪያ ፋሻ።

ሰሚራ (ዱባይ)፦

አላህ ይስጥልኝ። ጥያቄዎቹን በስልክ አንብቤላት ወረቀት ላይ ጽፋቸዋለች። ብብትሽ ላይ በእጅ የሚዳሰስ ንፍፊት የለም ብለዋት ነበር፤ እንግዲህ እናያለን።

ዓለት ቆጣሪ (ሂዩስተን)፦

ሰባት ሳምንት ሆነኝ ሳልጽፍ፣ ይቅርታ። አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው፤ የረጋ ደምም አዲስ እብጠትም የለም። ሐኪሟ ሊምፌዲማ ነው ብሎ ጽፎላታል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የዝሆኔ እግር የምታስር አንዲት ነርስ ተገኘች። ፊዚዮው በቪዲዮ እያሳያት ሦስት ሳምንት፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ አሰረችላት። የማይለጠጠውን ፋሻ ከዚህ በሰው ላክሁ፤ ስፖንጁን እህቴ ከፍራሽ ቤት ገዝታ ቆረጠችው። በመጀመሪያው ሳምንት እማዬ «ምንም የለውም» እያለች ታማርር ነበር፣ ደብተሩ ግን እየጎደለ መሆኑን ይላል። አሁን አንጓዋ 16.5፣ ከአንጓ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 24 ነው። ከዚያ ሁለት እጅጌ በልኳ አሠራሁ፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚጭን፣ መዳፉን የሚሸፍን ጓንት ያለው። አንዱ ሲታጠብ አንዱን ትለብሳለች። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ታጠልቃለች፣ ማታ ታወልቃለች።

አንድ ጣጣ ብቻ ተነሣ። የላክሁት እጅጌ ቀለሙ የፈረንጅ ቆዳ ነው። «ይኼን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ እጇ ለምጽ ወጣበት ይሉኛል» ብላ አንድ እሑድ ሙሉ ሳትለብስ ዋለች፤ ሰኞ ጠዋት አንጓዋ 17 ነበር። እትዬ፣ አንቺ የምትለብሺው ምን ዓይነት ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ጥቁር ቡናማ አለ፣ ጥቁርም አለ። ስታዝ ካልጠየቅህ የሚልኩልህ ያንን የፈረንጁን ነው፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ በነጠላ ስሸፍን ኖሬያለሁ። እስኪመጣላት ድረስ ከላዩ ቀጭን ጥቁር የሹራብ እጅጌ ትደርብበት። በጥር ስትመጣ ደውልልኝ፣ የእኔን አሳያታለሁ።

ዓለት ቆጣሪ (ሂዩስተን)፦

ነግሬያታለሁ፤ ጥቁሩን አዝዣለሁ። «ያቺን ሴትዮ ቀለበቷ ይገባላት እንደሆነ ጠይቅልኝ» ብላለች።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

በላት፣ በግራ እጄ አድርጌዋለሁ።